ረሃቤ ተመልሶ መጣ

ሰኞ

ራበኝ! ዳንኤልን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ነገርኩት። "ታዲያ ብዪ" ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ባል የምሥራች አይገባውም።

ከዓመት በላይ በየሳምንቱ ሆዴን የምወጋው የክብደት መቀነሻ መርፌ ምግብ ሁሉ ካርቶን ካርቶን እንዲለኝ አድርጎ ነበር። ከዱባይ ትልክልኝ የነበረችው እህቴ ጠቅልላ ገባች፣ መርፌውም አለቀ። ሐኪሜን ሳማክራት፣ "ረሃቡ ይመለሳል፣ ኪሎም ሊመለስ ይችላል። አትደንግጪ፤ በልክ ብዪ፣ በእግርሽ ሂጂ" አለችኝ።

አልደነገጥኩም። ቁርስ፦ እንቁላል። ከዚያ ዳቦ። ከዚያ የዳንኤል ዳቦ።

ማክሰኞ

የምሠራው ሐይቅ ዳር፣ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው። ስወጣ የአሳ ጥብስ ሸተተኝ። ዓመቱን ሙሉ አፍንጫዬን ይዤ የማልፈው ሽታ ነው። ዛሬ እግሬ አላልፍም አለ። አንድ ሙሉ አሳ ከነዳጣው! ቃሪያው እንባዬን እያወረደው ጣቴን ላስኩ። ሻጯ ታዝባኝ፣ "እህቴ፣ ከሩቅ አገር ነው የመጣሽው?" አለችኝ። "እዚሁ ካለው ሆቴል" አልኳት። አላመነችኝም።

ማታ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ወረድኩ። ሚዛኑን አልጋ ሥር ገፋሁት።

ረቡዕ

ጉድ ፈላ። ከነገ ወዲያ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ዋዜማ ነው፤ አማ ቤት እንሄዳለን።

አማ የዳንኤል እናት ናቸው። በሲዳምኛ እናት ማለት ነው፤ እኔም እንደ ልጆቻቸው እንዲሁ ነው የምጠራቸው። በፍቼ ዋዜማ ቤተሰቡ አንድ ሻፌታ ከብቦ ቡርሳሜ ይበላል። ሻፌታው ትልቅ የሸክላ ገበታ ነው፣ ቡርሳሜው በቅቤ የራሰ ቆጮ። አምና መርፌውን ገና መጀመሬ ነበር። አንዴ ቀመስኩና አቅለሸለሸኝ። እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ፤ የመርፌውን ነገር ሆድ ይፍጀው ብዬ።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ "የአማ ምራት ጾም ጸሎት ላይ ናት" ይል ጀመር። ወሬው ከየት እንደተነሣ አላወቅኩም። ግን ያቺ ሲዳምኛ የማትችል የአዲስ አበባ ልጅ በአንድ ጊዜ ተከበረች! የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች "ለእኛም ጸልዪልን" ይሉኛል። አማም ጸሎተኛዋ ይሉኛል።

አሁን በዚህ ሆዴ እንዴት ልቅረብ? ክብሩስ ይቅር። አማ ያታለልኳቸው ቢመስላቸውስ? ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲወዱኝ ስደክም ኖሬ፣ በአንድ ገበታ ላጣቸው ነው። ፈራሁ።

ዳንኤል፦ "ብዪ፣ ማን ይቆጥርሻል?" ምን ያውቃል።

ሐሙስ

የሥራ ቀሚሴ ዚፕ ወገቤ ላይ ቆመ። ትንፋሼን ውጬ ዘጋሁት። ከሰዓት ሐይቁን ይዤ እስኪያልበኝ ተራመድኩ። በመርፌው ጊዜ ደረጃ መውጣት ራሱ ያዞረኝ ነበር፤ ዛሬ እየዘፈንኩ ነበር የምሄደው። ሰው ዞሮ አየኝ። ይየኝ።

ዓርብ

ዕቅድ፦ ቤቴ ጠግቤ መሄድ። እዚያ ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ "ተመስገን" ብሎ እጅ መሰብሰብ። ምሳ ላይ ምስር በላሁ፣ ሙዝ ጨመርኩ፣ ውሃ ጠጣሁ። ጠግቤያለሁ። እንግዲህ እንሂድ።

ቅዳሜ

ትናንት ማታ ዕቅዱ ገና የቅቤው ሽታ ሲመጣ አለቀለት። ሁለት ያልኩት ጉርሻ ስንት እንደሆነ እንጃ። ቀና ስል ሁሉም መብላቱን ትቶ እያየኝ ነው። የአማ ዓይን እንባ ሞልቷል። በቃ፣ አበቃልኝ አልኩ።

እጄን ይዘው ጓዳ አስገቡኝ። "አማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ርቦኝ ነው" አልኳቸው።

"አምና ምግቤን የናቅሽ መስሎኝ ነበር" አሉ። "አዲስ አበባ ያደገች፣ የእኛን ቆጮ ተጸየፈች ብዬ አለቀስኩ። ጎረቤት ለምን አልበላችም አለኝ። ስምሽን እንዳያነሡ ጾም ላይ ናት አልኩ። እኔ ነኝ የዋሸሁት።"

ለካ እሳቸው ናቸው! ተከፍተውብኝ እንኳ ስሜን ይጠብቁልኝ ነበር። አንገታቸው ሥር ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ የመርፌውን ነገር ነገርኳቸው።

"ሆድሽ ላይ? ራስሽ?"

"ራሴ።"

"እንዳትበዪ?"

"እንዳልበላ።"

የጓዳውን በር ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ዳንኤል ምን ነካችሁ ብሎ ብቅ ሲል ሁለታችንም አባረርነው። ተመልሰን ገበታ ስንቀርብ አማ ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

ዛሬ በዓሉ ወደሚከበርበት ሜዳ፣ ጉዱማሌ አብረን ወጣን። ሜዳው በሰው ተሞልቷል፣ "አይዴ ጨምበላላ!" እያለ እንኳን አደረሰህ ይባባላል። ኪሎዬ የት እንደሚቆም አላውቅም፤ እሱን ከሐኪሜ ጋር እናየዋለን። አንዲት ጎረቤታቸው እኔን አይታ፣ "ጸሎተኛዋ ምራትሽ ዘንድሮም ጾም ላይ ናት?" አለቻቸው። አማ ክንዴን ጥብቅ አድርገው ያዙና ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ፣

"ልጄ ጾሟን ፈታች! እኔ ቤት ነው የፈታችው!" አሉ።

ምራቴ አላሉም።