በየዓመቱ ስለሚወጣው ጌም፣ «ቀኑ አይነካም» ለሚሉት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የእግር ኳስ ጌም አምራች ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ፣ ወገብዎን እንዳያምዎ፣ ዓይንዎም ረጅም ጽሑፍ ከማንበብ እንዳይደክም ከልብ እመኛለሁ። ዘንድሮም እንደ አምናና እንደ ካቻምናው በጭብጨባ መካከል ቆመው «ከእስካሁኑ ሁሉ የላቀ» የሚሉትን ጌም ለማስተዋወቅ እየተዘጋጁ መሆንዎን አውቃለሁ። ስለዚህ ጊዜዎን ላለመሻማት ለማንም፣ ለሟቹ ባለቤቴ እንኳ፣ ነግሬ የማላውቀውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀለም ቀቢ ከሁለተኛ ፎቅ የወደቁት የታጠቁት የደኅንነት ቀበቶ ስፌቱ ላይ ስለተተረተረ ነው። ስፌቱም የእኔ ነበር።

ይህ ከእርስዎ ጌም ጋር ምን እንደሚያገናኘው እስክደርስበት ድረስ በትዕግሥት ይጠብቁኝ። እኔም አምና የእርስዎ ጌም እስኪከፈት ከምሳ ሰዓት እስከ ማምሻው ቁጭ ብዬ ስለጠበቅሁ ውለታ መመላለሳችን ነው።

ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ። ባሏ የሞተባት የስልሳ ሦስት ዓመት ሴት ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የተማርኩት በልብስ ላይ ከሚሰፉ መለያዎችና ከስፌት መኪና መመሪያዎች ነው፣ ስለዚህ ፊደል ያለበትን ነገር ሁሉ እስከ መጨረሻው ሳላነብ መተው አልችልም። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጄ ቤቱ ጭር እንዳይልብኝ ብላ የጌም ማጫወቻዋን አምጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር አያያዘችልኝ። መጀመሪያ ለእሷ ደስታ ብዬ ነበር የነካሁት። አሁን ግን የራሴ ቡድን አለኝ፣ ተከላካዮቼንም በየስማቸው እየጠራሁ እቆጣለሁ። ጎረቤቴ በግድግዳው በኩል ሰምታኝ «አንቺ ሴትዮ፣ በስተርጅናሽ ማንን ነው የምትሰድቢው?» ብላኛለች።

ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. አምና የወጣውን ጌም በሣጥኑ ገዝቼ ገባሁ። ሣጥኑ ውስጥ አንድ ዲስክና አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነበሩ። ዲስኩን ሳስገባው የጌሙ ግማሽ ገና በኢንተርኔት እንደሚመጣ ተነገረኝ፤ ጫማ ገዝቶ ሶሉ በኋላ ይላክልሃል እንደተባለ ሰው ቁጭ አልኩ። በዚህ መካከል የስምምነት ውልዎን ከመጀመሪያው አንቀጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ልጄ ይህን ስትሰማ በሳቅ ወንበሩን ተደግፋ «እማዬ፣ በዓለም ላይ እሱን ያነበብሽው አንቺ ብቻ ነሽ!» አለችኝ። ዕቃው ከነጉድለቱ እንደሚሸጥና ለጉድለቱም ኩባንያው እንደማይጠየቅ በጨዋ ቋንቋ ጽፈዋል፣ ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። በሣጥኑ ፊት ላይ ይህን አላየሁትም፤ ሥዕሉ ቦታ ይዞበት ይሆናል።

፪ኛ. በረኛዬ በሠላሳ አራተኛው ደቂቃ ኳሱን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ቤቱ መሽቶበት እንደሚቸኩል ሰው ዞሮ የራሱ መረብ ውስጥ ገባ። ዳኛው እስከ ጉልበቱ ሣር ውስጥ ሰጥሞ ፊሽካውን ነፋ። ጣሪያ ሥር የተቀመጡት ተመልካቾች ላይ ዝናብ ይዘንባል። ከመካከላቸው ቢጫ ሸሚዝ የለበሰ አንድ ሰው አለ፣ በአንዱ ረድፍ ላይ ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ጭንቅላት የላቸውም፤ እንዲያም ሆኖ ያጨበጭባሉ። ከደንበኞችዎ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት እነዚያን ሁለቱን እንደሆነ እገምታለሁ። አምና አዲስ ብለው ያስተዋወቁን የተጫዋቾቹ ፀጉር በነፋስ መወዛወዙን ነበር። ቅናት የለብኝም፣ በእርግጥ ያምራል። በረኛዬ ወደ ራሱ መረብ ሲገባ ፀጉሩ ሲወዛወዝ ማየት ነበረብዎት።

፫ኛ. ይህ በረኛ ለአንድ ዓመት ብቻ ቢሳሳት ኖሮ ብዕር ባላነሳሁ። ነገር ግን ካቻምናም ገብቷል፣ ከዚያ በፊትም ገብቷል። እርስዎ ሳያውቁ የቀረ መስሎኝ ስብሰለሰል ከርሜ ነበር፤ ነገሩን የተረዳሁት ከልጄ ነው። ልጄ የእርስዎ ሠራተኛ ናት፣ ጌሙ ከመሸጡ በፊት እየተጫወቱ ስህተት በሚለቅሙበት ክፍል ስድስት ዓመት ሠርታለች። እዚያ የተለቀመ ስህተት ሁሉ ከሦስት ምልክት አንዱ ይደረግበታል፦ «አሁን ይስተካከል»፣ «ለሚቀጥለው ዓመት» ወይም «ይታወቃል»። መጀመሪያ ስሰማ «ይታወቃል» የተባለው የተጠገነው መስሎኝ ነበር። ለካ ማንም የማይነካው እሱ ነው። በረኛው ስድስት ዓመት ሙሉ ሲታወቅ ኖሯል።

ሠራተኞችዎ ችሎታ አንሷቸው እንዳልሆነ ልመስክርላቸው። አንዱ ጌም በወጣ ማግስት የሚቀጥለው ዓመት ጌም ይጀመራል፤ ለጥገና የምትተርፈው ሁለት ሳምንት ብቻ ናት፣ እሷም ለፀጉሩ ዋለች። በረኛውን የሠራው ባለሙያ የቱ ጋ እንደተበላሸ ያውቃል። በየዓመቱ «አንድ ወር ስጡኝ» ብሎ ይለምናል፣ በየዓመቱም «ቀኑ አይነካም» ይባላል። ጎበዝን ሰው በገዛ ሥራው እንዲያፍር ማድረግ ቀላል አይደለም፤ ይህን በየዓመቱ ሳያጓድሉ ስለሚፈጽሙት አድናቆቴ ይድረስዎ።

፬ኛ. እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሳቅ ነው። ይህኛው አይደለም። በዘንድሮው ጌም ጎል ሲገባ ሜዳው በሙሉ ነጭና ቀይ እየሆነ በፍጥነት ብልጭ ድርግም ይላል። ከሦስት ሳምንት በፊት ከልጄ ጎን የምትሠራ ባልደረባዋ፣ የሚጥል በሽታ እንዳለባት ራሷም የማታውቅ ሴት፣ ያንን ብርሃን እያየች ተንዘፍዝፋ ከወንበሯ ወደቀች። ልጄ መሬት ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን በጭኗ ይዛ ቆየች። በማግስቱ «አሁን ይስተካከል» ብላ ጻፈች። ከሰዓት ስትመለስ ምልክቱ ተቀይሮ «ይታወቃል» ሆኗል። ብርሃኑን ለማውጣት አምስት ሳምንት ያስፈልግ ነበር፣ ለቀንዎ ደግሞ የቀረው አራት ነበር። አለቃዋም «ማስጠንቀቂያ እንጽፋለን፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት። ማስጠንቀቂያው የሚገባው እዚያው ውል ውስጥ፣ አርባ አንደኛው አንቀጽ ላይ ነው። እኔ እንደማነበው ቃል እገባለሁ። ስለ ሌሎቹ ደንበኞችዎ ግን እንጃ።

ልጄ የክፍሉ ኃላፊ ናት። ጌሙ ለሽያጭ ብቁ ነው በሚለው ወረቀት ላይ እስከ ፊታችን ሐሙስ እንድትፈርም ትእዛዝ ደርሷታል፤ ካልፈረመች የሚፈርም ሰው በቦታዋ እንደሚቀመጥ ተነግሯታል።

አሁን ወደ ቀበቶው ልመለስ። ያኔ የምሠራበት የስፌት ቤት ከፍታ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ቀበቶ ያመርት ነበር። ገመዱ የሚታሰርበት የብረት ቀለበት ጋ ሲደርስ ስፌቱ አራት ማዕዘን ተደርጎ መሃሉ በመስቀለኛ ይሰፋል፣ በላዩም ሦስት ጊዜ መመላለስ ግዴታ ነው። እኔ መርማሪ ነበርኩ፤ በመረመርኩት ቀበቶ መለያ ላይ ቁጥሬን፣ አሥራ አራትን፣ እመታ ነበር። ማስረከቢያችን እንደ እርስዎ በየዓመቱ አንድ ቀን ነበር። በዚያ ዓመት ክሩ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ መጣ፣ ቀኑ ግን አልተነካም። ሰው ስላነሰ መርማሪዎቹም የስፌት መኪና ላይ ተቀመጥን። አለቃችን በመካከላችን እየተመላለሰች «ሁለት ጊዜም ይይዛል፣ ሴቶች፣ ሁለት ጊዜም ይይዛል!» ትል ነበር። ሁለት ጊዜ ሰፋሁ። ከዚያም ከመኪናው ተነስቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ የገዛ ስፌቴን መርምሬ ማኅተሜን መታሁበት። ሦስተኛው ምልልስ ይፈጅ የነበረው ግማሽ ደቂቃ ነው።

ቀለም ቀቢው ሲወድቁ ቀበቶው ወደ ስፌት ቤቱ መጣ። ቁጥሬን አየሁት። አለቃችን መለያውን በመቀስ ቆርጣ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝና «አንቺም ልጅ አለሽ» አለችኝ። ሰውየው ዘለበቱን ሳያጠብቁ ወጥተው ነው ተብሎ ተጻፈ፣ እኔም ዝም አልኩ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ባለቤቴ ወጥ ቤታችንን የሚቀባ ሰው ፈልጎ ሲያመጣ፣ በምርኩዝ እየተደገፉ የገቡት እሳቸው ነበሩ። እሳቸው የታችኛውን ግድግዳ፣ ረዳታቸው የላዩን ቀቡ። ሻይ ሳቀርብ ለባለቤቴ ሲያጫውቱት ሰማሁ፦ «ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ወንድሜ። ዘለበቱን አላጠበቅሁም ነበር።» የተጻፈውን እሳቸውም አምነውት ኖረዋል። እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ቆሜ «ስኳር ልጨምር?» አልኩ።

እሑድ ዕለት ልጄ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ «እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ትፈርሚያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት መልስ ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን «ፈርሚ ልጄ፣ ሥራሽ ነው» የሚለው ሆነ። «እሺ» አለች። እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ እሺ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ስለ ጌሙ ለእርስዎ ልጻፍ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ጻፊ፣ ያየሁትን አልክድም። ስሜን ብቻ ተዪው» አለችኝ። ስለ ቀበቶው እንደምጽፍ ግን አታውቅም።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው፦ ለብርሃኑ አምስት ሳምንት፣ ለበረኛው አንድ ወር፣ ለሠራተኞችዎ ደግሞ ሥራቸውን ጨርሰው የሚያዩበት አንድ ዓመት። አንድ ዓመት አዲስ ጌም ባይወጣ ኳስ ከዓለም አይጠፋም፤ እኛም ያለፈውን ዓመት እየተጫወትን፣ ቢጫ ሸሚዝ ከለበሰው ወዳጃችን ጋር እያጨበጨብን እንጠብቅዎታለን። በሚፈርመው እጅ ላይ ሳይሆን ቀኑን በቆረጠው እጅ ላይ ጥያቄ እንዲነሳ ፈቃድዎ ቢሆን ደግሞ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ለቀን ያለዎትን የማይናወጥ ታማኝነት እያደነቅሁ፣ ለሰውም ያንኑ ያህል እንዲኖርዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ፤

የቀድሞዋ የቀበቶ መርማሪ፣
ቁጥር አሥራ አራት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ትናንት ለማድረስ ለራሴ ቀን ቆርጬ ነበር። ሁለት ስህተት ስላገኘሁበት አርሜ ለማድረስ ዛሬ ላይ አዋልኩት። ቀኑ ሲነካ ምንም ድምፅ አላሰማም።

ግልባጭ፦

ለልጄ፤ ከሐሙስ በፊት እንድታነበውና የእሑዱን መልሴን እንዳልተናገርኩት እንድትቆጥርልኝ።

ለቀለም ቀቢው፤ በፖስታ ሳይሆን በእጄ፣ ተቆርጦ ኪሴ ከገባው መለያ ጋር። ጌታዬ፣ ዘለበትዎን አጥብቀው ነበር።