ቆረቆር የሌለበት ራስ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7፣ 1940
ዝናብ። ከነርስ ባልደረባዬ ከኦድሪ ጋር ትምህርት ቤት ሄደን የልጆቹን ራስ አየን፤ እሷ ግማሹን፣ እኔ ግማሹን። ከሊቨርፑል ቦምብ የሸሹት ዛሬም ለብቻ ተሰልፈዋል... የመንደሩ ልጆች ቅማል የማይወዳቸው ይመስል። ኦድሪ ቆረቆር ያገኘችው አንዲት ልጅ ላይ ነው፤ ሂልዳ፣ የስምንት ዓመት። እዚያው ላጨቻት፣ ራሷን በሐምራዊው መድኃኒት ቀባችና ወደምንሠራበት የተላላፊ በሽታ ማቆያ ላከቻት። ሂልዳና የአራት ዓመቷ እህቷ ደልሲ የተጠለሉት የኦድሪ እናት ቤት ነው። ዕድለኞች ስላቸው ነበር።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9
ሂልዳ አትበላም። እናቷ ባቡር ጣቢያ ላይ የደልሲን እጅ እንዳትለቂ ብላታለች። ሁለት ሳምንት ብቻ፣ ከዚያ እህትሽ ጋ ትመለሻለሽ አልኳት።
"ይምላሉ ሲስተር?"
ማልኩላት። ሾርባዋን ጠጣች።

እሑድ፣ ኦክቶበር 13
ቤተ ክርስቲያን። የኦድሪ እናት ወይዘሮ ፕሩዌት ከበርሚንግሃም የመጣችውን ትልቋን ልጃቸውን ከነአራስ ልጇ ይዘው ተቀምጠዋል። ደልሲ የለችም። ከኮረብታው ማዶ ወዳለ እርሻ ተወስዳለች አሉኝ፤ በሽታ በገባበት ቤት ሕፃን አይቀመጥም፣ ይህን እርስዎ አያጡትም ሲስተር። እቅፋቸው ውስጥ ያለውስ ሕፃን አይደለም? አልጠየቅኩም። አልገባኝም? ወይስ እንዲገባኝ አልፈለግሁም?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17
የሂልዳን ራስ አጠብኩ። ጠጉሯ በቅሏል... ሁሉም ቦታ፣ እኩል። ቆረቆር የያዘው ራስ እንዲህ አያበቅልም፤ ቦታ ቦታውን ይመለጣል። መስኮቱ ጋ ወስጄ ደግሜ አየሁ። ምንም የለም።
አሠራራችን ነው። አንዳችን የቀባነውን ሌላችን አንመረምርም፣ ቀለሙን እንደግማለን እንጂ። ጊዜ ይቆጥባል። ደግሞ መተማመንም ነበር። ይህን ሁሉ ቀን ጤነኛ ራስ ስቀባ ከረምኩ።
ኦድሪን ልብስ ማጠቢያው ክፍል አገኘኋት። አልካደችም። ሕጉን ታውቂዋለሽ አለች፤ ክፍል ያለው ሰው ተፈናቃይ አልቀበልም ማለት አይችልም፣ ልጁን ተላላፊ በሽታ ካልያዘው በቀር።
"የእህቴ ቤት ፈርሷል። አራስ ናት። የት ትተኛ?"
"ብትነግሪኝስ?"
"አንቺማ ሮጠሽ ለማትሮን ነው የምትነግሪያት።"
አንሶላ ማጠፏን ቀጠለች።
"ጠጉር እኮ ነው ኔስታ። ይበቅላል።"
ነርስ ሆነን ከተመረቅንበት ቀን ጀምሮ አንድ ክፍል ነው የምናድረው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 18
ለአለቃችን ለማትሮን ነገርኩ። ተነስታ በሩን ዘጋች። ያላችሁኝ ነርሶች ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ፤ ይህ ከተሰማ ቤት ያለው ሁሉ ያስጠለላቸውን ልጆች ይመልስብኛል... ስለዚህ ሂልዳ ድናለች እንላለን፣ አለችኝ።
ድናለች። ከምን?

ሰኞ፣ ኦክቶበር 21
ሂልዳን ደልሲ ወዳለችበት እርሻ ወሰድኳት። መንገዱን ሁሉ ትዘል ነበር። የእርሻው እመቤት የአጥሩን በር ገርበብ አድርጋ፣ "ያቺ ሐምራዊዋ ናት?" አለች። ድናለች አልኩ። እኔው፣ በማትሮን ቃል። ሌሎች ልጆች አሉብኝ ሲስተር፣ ይቅርብኝ አለች።
ሂልዳ ንጹሕ መሆኗን ልታሳይ ባርኔጣዋን አወለቀች። ደልሲ ብቅ አለች፤ የተላጨውን ራስ አየችና የሴትዮዋ ሽርጥ ውስጥ ተደበቀች።
ስንመለስ ሂልዳ እጄን አልያዘችም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 26
እናታቸው መጣች፤ ጽፌላት ነበር። የምትሠራበት ፋብሪካ የአንድ ቀን ፈቃድ ሰጥቷታል። ሁሉንም ነገርኳት፣ የማልኩትንም ጭምር። አልጮኸችም። ሁለቱንም ሊቨርፑል ይዛቸው ልትመለስ ነው። እዚያ እኮ በየቀኑ ይደበደባል አልኳት።
"ቦምቡን የሚጥልብኝን አውቀዋለሁ፣ ሲስተር።"
አውቶቡሱ ጋ ሂልዳ የደልሲን እጅ ጭምቅ አድርጋ ይዛለች። ሻሿን ላስተካክልላት ስል ራሷን ሸሸት አደረገች። ደህና ትሆናላችሁ ልላቸው ጀመርኩ...
"አይማሉልኝ፣ ሲስተር" አለችኝ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 28
የትምህርት ቤት ምርመራ። ኦድሪ የቀባችውን ራስ ሁሉ ደግሜ አየሁ። እሷም የእኔን።