በጊዮርጊስ ሲያልፍ አይቼዋለሁ

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሃያ ስድስቱም መጽሐፍ ተሰብስቦ ይመለስ የሚሉ ወላጆች በዝተዋል። ለማን እንደሚመለስ ግን የተናገረ የለም። መጻሕፍቱን ከደሴ ያስመጣሁት እኔ ነኝ፤ የደሴው ሻጭ ደግሞ በእርሳስ የተሰመረበት፣ ጠርዙ የታጠፈ መጽሐፍ መልሶ የሚቀበል ሰው አይደለም።

ነገሩ የአማርኛ መምህሩ የይርጋ ሥራ ነው። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ጡረታ የወጣ መርማሪ ፖሊስ የጻፈውን የእውነተኛ ወንጀሎች መጽሐፍ ያስነብባል። ልብ ወለድ ስሰጣቸው ያንቀላፉ ነበር፣ አሁን አንድም የሚያንቀላፋ የለም ይላል። እውነቱን ነው። እኛም እረፍት አጣን። እስካሁን ያደረጉት፦ ሱቄ ደጃፍ ላይ ያለውን የጫማ ዱካ በሜትር ለኩ። የጎረቤቴ ዶሮ ብትጠፋ ከአምስት ሰው ቃል ተቀበሉ፤ ዶሮዋ በማግስቱ በራሷ መጣች። እዚያው ክፍል የምትማረውን ልጄን ዘይነባን ስኳሩን ማን ጨረሰው ብላት «የዓይን ምስክር አለህ?» አለችኝ።

የቄስ ምስጋናው ልጅ ደግሞ የዕቃ ቤታቸውን ቁልፍ በሽቦ ከፍቶ አሳያቸው። ሊያስደንቃቸው ነበር። ዛሬ በወላጆች ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ቄሱ ተነሥተው «ልጆቻችን እዚህ የመጡት ቁልፍ ሊከፍቱ ነው?» አሉ።

«ጠይቀው እንዲያምኑ ነው የማስተምራቸው፣ አባታችን» አለ ይርጋ።

«የእኔውማ መቼ ጠየቀኝ? ከፈተው እንጂ።»

ሁሉም ሳቀ። በመጨረሻ ዱላው እኔ ላይ አረፈ። ያመጣኸው አንተ ነህ፣ አንብበህ ለሰኞ ንገረን፣ ከዚያ እንወስናለን አሉኝ። እኔ ሻጭ ነኝ። ሳሙና የምሸጠው ሁሉንም ታጥቤበት አይደለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ሱቅ ቁጭ ብዬ ሦስት ምዕራፍ አነበብኩ። መርማሪው ራሱን ይወዳል። በየምዕራፉ ሌላው ሁሉ ሲሳሳት እሱ አንድ ቦታ ቆሞ ያስባል፣ ከዚያ ያገኘዋል። ያም ሆኖ ይነበባል። አንዷ ደንበኛዬ የጃንጥላ ዋጋ ሁለት ጊዜ እስክትጠይቀኝ አልሰማኋትም።

ከሰዓት ሦስት ተማሪዎች መጥተው ሳይገዙ ቆሙ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ምስክር ሆነው ያውቃሉ?»

«እስክሪብቶ ፈልጋችሁ ነው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

እንዲያው የመጣ ሰው ደብተር ገልጦ አይቆምም። አባረርኳቸው። ዘይነባ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና ስትሰማ ነበር። «ሰባተኛውን ምዕራፍ አንብበው» አለችኝ፣ ፊቴን ሳታይ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ሰባተኛውን ምዕራፍ አነበብኩት። የእኛው አገር ነገር ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት ከከተማው በታች ካለ መንደር የወፍጮ ሞተር ተሰረቀ። ሞተሩ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በጥርጣሬ የተያዘው ከአሸተን ማርያም ሥር የሚኖረው ንብ አናቢው ፈንታው ነበር። ዘጠኝ ወር ታስሮ ማስረጃ ጠፋና ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ፈንታው ሞተር» ነው። በሬ የሚያቀናጀው ሰው የለም፤ ማሩንም ቢሆን ሰው ሰድቦት ነው የሚገዛው።

መጽሐፉ ስሞቹን ቀይሯል። ፈንታው «ገበሬ ደ.» ሆኗል። እኔ ደግሞ «ጃንጥላና ፋኖስ የሚሸጥ፣ ሲናገር ሚዛኑን ከእጁ የማይለቅ ነጋዴ ሰ.» ነኝ። ላሊበላ ውስጥ ይኼ ማን እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን የለም። ለፖሊስ የሰጠሁትን ቃል እንዳለ አስገብቶታል። «በቅሎ ጭኖ በጊዮርጊስ ሲያልፍ አይቼዋለሁ።» ቀጥሎም፦ «ነጋዴ ሰ. አላመነታም። ሞተሩ በተሰረቀ ማግስት፣ ረቡዕ፣ በወሩ ሃያ ሦስት፣ ደ. ከነጭነቱ ታይቷል።» ምዕራፉን የሚዘጋው «ማስረጃ ቢያንሰንም እውነቱን እናውቃለን» ብሎ ነው።

ያየሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ። ሌላው የእኔ ጉዳይ አይደለም።

እንዲህ ብዬ ሳልጨርስ መምህር ይርጋ መጣ። የፈንታው ልጅ ትርንጎ እዚያው ክፍል ናት። ሰባተኛው ምዕራፍ ከታዘዘበት ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ወደ ቤቷ ቢልክ «በቃኝ» ብላለች። ፈተናው ደግሞ ዘንድሮ ነው።

«ሳታነብ ነው እንዴ ያዘዝከው?» አልኩት።

«ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ታዲያ?»

«እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ደ. ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«እውነተኛ ታሪክ ነው ብለህ ስትሰጣቸው ሰውየው አንድ ቦታ ይኖራል ብለህ አላሰብክም?»

መጻሕፍቱ ቢመለሱ ይሻላል አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ጃንጥላውን ረስቶ ስለሄደ ሁለት ጊዜ ተናደድኩ፤ ተከትዬ መስጠት ነበረብኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ዘይነባ ከትምህርት ቤት መጽሐፉን በእጇ ይዛ ገባች። ቦርሳዋን እንኳን አላወረደችም።

«አባዬ፣ ጊዮርጊስ መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

«አየህ፣ ሃያ ሦስት አላልክም።»

«ማክሰኞ ሃያ ሦስት አይደል እንዴ? ምን ልትይ ነው?»

ዛሬ ክፍል ውስጥ ሌሎቹ «ያንቺ አባት ነው የትርንጎን አባት ያሳሰረው» ብለዋታል። እሷም ተነሥታ «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቀን በጊዮርጊስ ቆጥሮ አያውቅም። ጊዮርጊስ ካለ ቦታውን ነው» አለቻቸው። ይሄኔ ይርጋ ጠመኔውን ጥሎ ተቀመጠ አለችኝ።

ከክርስቲያን ጎረቤቶቼ ጋር ሃያ ምናምን ዓመት ኖሬ በዓላቸውን አላውቅም አልልም። ንግሥ መቼ እንደሆነ የማያውቅ ነጋዴ አይበላም። ነገር ግን እኔ ስናገር ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ቅዳሜ ነው የምለው። አባቴም እንደዚያው ነበር። ቃሌን የተቀበለው ፖሊስ ደግሞ እናቴ በማርያም፣ እህቴ በሚካኤል ተወለዱ የሚል ሰው ነው። እኔ መንገዱን ስነግረው እሱ ቀኑን ሰማ።

አሁን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ፈንታውን ያየሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጃንጥላ ተሸክሜ ወደ ገበያ ስወጣ በቤተ ጊዮርጊስ አጠገብ ባለው መንገድ ሸራ የለበሰ ጭነት የተጫነች በቅሎ እየነዳ መጣ። ሰላም ተባብለን አለፍን። መጽሐፉ የሚለው ረቡዕ ነው። ያኔ እኔ ረቡዕ ረቡዕ ዕቃ ላመጣ ወልድያ ነበር የምውለው፤ ረቡዕ ላየው አልችልም። ፖሊሱ የጠየቀኝ ደግሞ በዚያው ሳምንት ዓርብ ነው። ከዚያ ዓርብ በፊት ያለው ቅዳሜ ሞተሩ ከመሰረቁ በፊት ነው።

ሞተሩ ገና ወፍጮ ቤቱ ውስጥ እህል እየፈጨ ሳለ ሰውየውን ሞተር አሸክሜዋለሁ።

ዓርቡን በደንብ አስታወስኩት። አይሱዙው ዕቃ እያወረደልኝ ነበር። ፖሊሱ ወረቀቱን ካርቶን ላይ አድርጎ ሰጠኝ፣ ፈረምኩ። ካርቶኖቹን ሁለት ጊዜ ቆጥሬአለሁ። ወረቀቱን አንድ ጊዜም አላነበብኩትም።

እስኪመሽ የምናደድበት ሰው ስፈልግ ቆየሁ። ፖሊሱ። መርማሪው። ይርጋ። አልሆነልኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

በጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ያኔ የነበሩት ሁሉ ተቀይረዋል። ያገኘሁት ልጅ ትሑት ነው።

«ጋሽ ሰይድ፣ የተዘጋ መዝገብ እኮ ነው። ምን ያደርግልዎታል?»

«ጻፍልኝ።»

ጻፈ። ሰጠኝ፣ አነበብኩት። «በጊዮርጊስ በኩል ሲያልፍ» ይላል። ሰርዘው አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት፣ በቤተ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው መንገድ ብለህ ጻፍ አልኩት። እንደገና ጻፈ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

«አያምኑኝም እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

«ያኔም አምኜ ነው የፈረምኩት።»

ከዚያ ጁምዓ ሰገድኩ። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ገበያ። ፈንታው ማሩን ይዞ ከዳር ተቀምጧል፣ እንደ ሁልጊዜው። ስደርስ አንዱ ገዢ «በል ሞተሩን አስነሣና ቶሎ መዝንልኝ» ይለው ነበር። ፈንታው መዝኖ ሰጠው።

ሰውየው እስኪሄድ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። በጊዮርጊስ ያልኩትን፣ የጻፉትን፣ ያላነበብኩትን። ትናንት ያስጻፍኩትንም።

የማሩን ዕቃ ከደነ። ከዚያ «ጌሾ ነበር» አለ።

«ምኑ?»

«ጭነቱ። ለእናቴ ተዝካር። ለፖሊስ ተናግሬአለሁ። አንተ ግን ሰባት ዓመት በደጅህ ሳልፍ ምን ነበር ብለህ አልጠየቅኸኝም።»

«አልጠየቅሁህም» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

«ይኼን ለእኔ ብቻ ልትነግረኝ ነው የመጣኸው?»

«ፖሊስ ዘንድ አስጽፌዋለሁ አልኩህ እኮ።»

«ፖሊስማ ለቆኛል፣ ሰይድ። ያልለቀቀኝ ሰዉ ነው።»

ማር ገዝቼ ተመለስኩ። ዘይነባ ቀምሳ ጥሩ ማር ነው አለች። ለሰባት ዓመት ከሌላ ሰው ስንገዛ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

የኮሚቴ ስብሰባ። ትናንት ጽዮን ስለነበረች ቄስ ምስጋናው ድምፃቸው ዘግቷል፤ ለእኔ በጀኝ፣ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

መጽሐፉን አንብቤአለሁ አልኩ። ደራሲው ጉረኛ ነው። አንዱ ምዕራፍ ውሸት ነው፣ የውሸቱ ምንጭም እኔ ነኝ። ይኼን ያወቁት ደግሞ ልጆቹ ናቸው። እኔ ያልተመለከትኩትን አንዲት ቃል ይዘው እስከ ሥሩ ሄዱ። መጽሐፉ ይቆይ፤ ልጆቹም ለደራሲው ደብዳቤ ይጻፉለት አልኩ።

ይርጋ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞርኩ።

«ሕዝቡ የሚሰማው እርስዎን ነው። የፈንታውን ነገር ነገ በጊዮርጊስ ይናገሩልኝ።»

ቄሱ በተዘጋ ድምፃቸው «በጊዮርጊስ ስትል ቀኑን ነው ቦታውን?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ አልሳቅሁም።

«ሁለቱንም» አልኩ።

ቄሱም ሳቃቸውን ተዉ። «እሺ። ግን አንተም እዚያው ትቆማለህ። የአንተን ቃል እኔ ብቻዬን አልሸከምልህም።» ስለ ቁልፉ ደግሞ ልጃቸው ሽቦውን ለመምህሩ ያስረክብ አሉ። መጽሐፉም እንዲቆይ ተስማማን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ከቅዳሴ በኋላ ከላይ ከድንጋዩ ዳር ቆምኩ። ሰዉ ነጠላውን እንደለበሰ ቀጥ ብሎ ቄሱን ያዳምጣል። ፈንታው ከኋላ፣ ለመሄድ እንደተነሣ ሰው በትሩን ይዞ ቆሟል። መምጣቱን አላመንኩም ነበር።

ቄሱ ከሐሰት ምስክርነት ጀምረው፣ ብዙ ዞረው፣ ጸሐዩ ጭንቅላቴን ሲያቃጥለኝ ወደ ፈንታው ደረሱ። በደንብ ተናገሩት። ስሙንም ከነአባቱ ስም ጠሩት፣ ሞተር የሚለውን ቃል ሳያነሡ። አንድ ቦታ ላይ ግን «አህያውን ጭኖ ሲያልፍ» አሉ።

ትንሽ ነገር ናት፣ ልለፋት ብዬ ነበር። ያኔም ትንሽ ነገር ነበረች። እጄን አወጣሁ።

«ይቅርታ ቄስ፣ በቅሎ ናት። ቀኑም ቅዳሜ ነው። ጭነቱን እኔ አላየሁም፣ ሸራ ለብሶ ነበር። ጌሾ ነው ያለኝ ራሱ ፈንታው ነው፣ እኔም አምኜዋለሁ።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላ ፈንታው «ግራጫ በቅሎ» አለ፣ ጮክ ብሎ። ቄሱም «ይሁን፣ ግራጫ በቅሎ» ብለው ቀጠሉ።

ዘይነባ እንደምትለው ትርንጎ ከሰዓት ክፍል ገብታለች። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ከማንም ጋር አላወራችም፣ ግን ሰባተኛውን ምዕራፍ ጮክ ብላ ያነበበችው እሷ ናት።

ከጊዮርጊስ ከፈንታው ጋር ስንመለስ ግን አንድ ጎረምሳ ከበስተኋላችን «ሞተር» ሲል ሰማሁ። ፈንታው አልዞረም። የዞርኩት እኔ ነኝ።