ከበሩ ሥር ያሉት ቀዳዳዎች

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

መጀመሪያ ይህ ይታወቅ፦ ቀለም ዝገትን አያቆምም። ይሸፍነዋል እንጂ። ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። ዛሬ የገዛ ወንድሜ ልጅ ሙሌ አፉን ሞልቶ፣ "ጋሼ፣ ቀለም ካስቀባኋት አለቀ" አለኝ።

ነገሩ የሟች ወንድሜ ጂፕ ነው። የሙሌ እኅት ሕሊና በጥር ታገባለች። "በአባቴ መኪና ካልሆነ ከቤት አልወጣም" ብላለች። ሙሌ እሷንና ሚዜዎቿን ጭኖ ከደባርቅ ሊማሊሞን ቁልቁል ወደ አዲ አርቃይ ሊወርድ ነው። በዚያ ጠመዝማዛ!

ወለሉን በካቻቢቴ ነካ አደረግሁት... ዘልቆ ወጣ።

"እርስዎ ወጓት እንጂ አልዛገችም!" አለ ሙሌ።

ካቻቢቴውን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

ዳባት የወንድሜ ወዳጅ ሃብተ ጊዮርጊስ ዘንድ ዋልኩ። እሱና ወንድሜ ጂፖቹን ከአንድ ጨረታ፣ በአንድ ቀን ነው የገዟቸው። ዓመታቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ። የሱን ሥሩ ገብቼ አየሁት። ጭቃ፣ ዘይት፣ የዶሮ ላባ ሳይቀር... ዝገት ግን የለም። ስንት ጊዜ እጠበው ብዬዋለሁ!

"መምህር ያርጋል፣ እንደኔ ናት። ገላዋን አትታጠብም፣ አትታመምም" ብሎ ሳቀብኝ።

ይህ መልስ አይደለም። ምክንያት አለው። ጨው ይሆን? ሙሌ የከብት ጨው ይጭናል። ግን ሃብተ ጊዮርጊስም ይጭናል፣ ያውም ይበልጥ። ማደሪያ? ሁለቱም ደጅ ነው የሚያድሩት። የሚያንጠባጥበው ዘይት ሥሩን ጠብቆለት ይሆናል። በሮቹንስ ማን ጠበቃቸው?

በጂፑ መናኸሪያ ሲያደርሰኝ ከበሩ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች የሚገባው ንፋስ ጉልበቴን አደነዘዘው።

"አንተ ሰው፣ ይህን ቀዳዳ ለምን አታስደፍንም?"

"ከፋብሪካ አብሮ መጣ። እኔ ምን አገባኝ?"

ከፋብሪካ... ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ እሱኑ ሳስብ መጣሁ።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

በማለዳ ሙሌ ጂፕ ሥር ተንበረከክሁ። ቀዳዳ የለም! የበሮቹም የወለሉም በስቱኮ ተደፍኗል፤ ላዩ ላይ ቀለም።

የወንድሜ ሚስት ዘርፈሽዋል ከደጃፏ ሆና፣ "እኔ ነኝ ያስደፈንኩት፣ መምህር። ብርድ ነበራ የሚያስገባው! በደባርቅ ብርድ ልጆቼን ላስመታ?" አለች።

"ዘርፌ፣ ቀዳዳው ውሃ እንዲወጣበት ነው የተበሳው።"

"ውሃ ደግሞ በየት ገብቶ?"

"ሙሌ ጧት ማታ ያጥበው የለ!"

"ታዲያ ንጽሕና ጥፋት ሆነ?"

በመስታወቱ ጎን ይወርዳል፣ በሩ ውስጥ ይጠራቀማል፣ መውጫ ያጣል አልኳት። በእጄ እያሳየሁ። እንደገና። በሦስተኛው፣ "መምህር፣ ቁርስ ቀምሰዋል?" አለችኝ።

ትዕግሥቴን ጨረሰችው።

ጥር 2፣ ዓርብ

ሙሌ ቀለም አስቀብቶ መጣ። ያብረቀርቃል። አላናገርኩትም።

ጥር 5፣ ሰኞ

አናገርኩት። "አንዷን ቀዳዳ ብቻ ልክፈት። ምንም ካልወጣ ዳግመኛ አልናገርም።" ለመገላገል ብሎ እሺ አለ።

ስቱኮውን ፈንቅዬ አወጣሁ። እንደ ጠላ የጠቆረ ውሃ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ የዝገት ቅርፊት፣ ቁርጥራጭ... ሙሌ ቁጢጥ ብሎ ያየዋል።

"ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነበር?"

"አንተ አጠብክ፣ እናትህ ደፈነች። የት ይሂድ?"

በያጁ ደርቤ መጥቶ ሻንሲውን በመዶሻ መታ መታ አደረገ። ድምፁ እንደ እርጥብ ካርቶን ነው። ለሠርጉ አይደርስም፣ ሥራው ብዙ ነው አለ። "በዚህማ ሊማሊሞን ከወረዳችሁ ድግሱን ለተዝካር አስቀምጡት።"

ሙሌ ቁልፉን እጄ ላይ አኖረው። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር... የወንድሜ ቁልፍ ነው።

ጥር 9፣ ዓርብ

ለሕሊና ማን ይንገራት? ሙሌ "እርስዎ" ይላል። ዘርፈሽዋል "እርስዎ" ትላለች። ሕሊና ወዳለችበት ጎንደር ደወልኩ። ሰማችኝ። "ጋሼ፣ አባቴን ያለ ክርክር ነው የቀበርኩት። መኪናውን ግን አልቀብርም" ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አታነሳም።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ሃብተ ጊዮርጊስን ጂፑን ለመንሁት። እኔ! ስለ ቆሻሻው ስጨቀጭቀው የኖርኩት ሰውዬ።

"ለሙሽራ ከሆነ ላሳጥባት?"

"አሳጥባት። ቀዳዳዎቹን ግን እንዳታስደፍን!"

ዘርፈሽዋል ሰምታ፣ "ልጄ በሠርጓ ቀን ብርድ ሊመታት?" ብላ ጮኸች። ከዚያ ወፍራም ጋቢ ፍለጋ ገባች።

ለሕሊና መልእክት ላክሁ። እንዲህ ብዬ፦

"ልጄ፣ የእሑድ ሠርግሽ መኪና ከአባትሽ መኪና ጋር በአንድ ቀን የተገዛው ነው። ከጨረታው ቦታ እስከ ዳባት የነዳው አባትሽ ነበር፤ ያኔ ሃብተ ጊዮርጊስ መንዳት አያውቅም ነበር። ከሥር ንፋስ ያስገባል፣ ጋቢ ትደርቢያለሽ። እናትሽ አንቺን ትጠብቃለች፣ እኔም ስልኩን ይዤ ተቀምጫለሁ። እሺም በይ እምቢ፣ ይህን እንዳየሽ መልሽልኝ።"