አምበሉን በስሙ መጥራት

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ ምሽት 1፡30

የሠፈር ልጆቹን የጠዋት ልምምድ አሠርቼ፣ ልብስ አጥቤ፣ 11 ሰዓት ላይ ጋሽ ሙላት ኳስ ማሳያ ቤት። እንደ ወትሮው የፊት ወንበር ለእኔ። ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ግማሾቹን እዚሁ ፋሲሎ ትምህርት ቤት ስፖርት ያስተማርኋቸው ናቸው።

ናትናኤል ተሰለፈ። ልጄ! ከጣና ዳር ሜዳ ተነሥቶ፣ በስዊድን አድርጎ፣ እንግሊዝ አገር፣ ሁለተኛው ሊግ፣ መሀል ሜዳ። ደብተሬ፣ ይህን መቶ ጊዜ ጽፌልሻለሁ። መቶ አንደኛ ይሁን።

ግን አልሆነለትም። ኳስ ሲደርሰው ያቆማል፣ ቀና ይላል፣ ያኔ ሁለት ሰው ላዩ ላይ ነው። አራት ጊዜ ተነጠቀ። በ60ኛው ደ. ተቀየረ። ጋሽ ሙላት ጠጋ ብለው፣ የልጁ እግር ከብዷል፣ የእንግሊዝ ኳስ ሩጫ ነው አሉኝ። ተናደድሁ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ደወለ። አሠልጣኙ ነግሮታል፦ በሚቀጥለው ጨዋታም ከዘገየ ወደ ተጠባባቂዎቹ ቡድን ይወርዳል። ድምፁ ቀጠነብኝ። በላህ ወይ አልሁት፤ በላሁ አለ። አልበላም።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ጋሽ ሙላት ጨዋታውን ቀድተውት ኖሯል፤ በፍላሽ ላኩልኝ። ሦስቴ አየሁት። እግሩ አልከበደም! ሲሮጥ ማንም አይደርስበትም። የዘገየው አፉ ነው። ሌሎቹ ይጮኻሉ፣ እጅ ያወጣሉ። የእኔ ልጅ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ኳስ የያዘው አምበል ዞር ብሎ እስኪያየው ይጠብቃል። ሲያየው ጊዜው አልፏል።

ያው ቀን፣ ምሽት

ደወልሁ። ለምን አትጠራውም አልሁት። እሱም፦

«እንዴት ብዬ እማዬ? ሠላሳ አምስት ዓመቱ እኮ ነው። የሦስት ልጆች አባት። እንዲያው በስሙ ልጥራው?»

ሁሉም በስሙ ነው የሚጠሩት። እሱን አፉ እምቢ አለው። አንድ ቀን ስሙ ላይ «ጋሽ» ጨምሮ ቢጠራው፣ መልበሻ ክፍሉ በሙሉ ምን ማለት ነው ብሎ አፋጠጠው።

ደብተሬ፣ ይህን ያስተማርሁት እኔ ነኝ። የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከፋብሪካ ሠራተኞች ጋር ሲጫወት፣ አንዱ ጎልማሳ ላይ «አቀብል!» ብሎ ጮኸ። ፊሽካ ነፍቼ አስወጣሁት። ትልቅ ሰው ላይ አይጮህም፣ እስኪያይህ ጠብቅ አልሁት። ዳር ቆመው የነበሩ እናቶች መረቁኝ። ለሁሉም ልጆች ደንብ አደረግሁት፣ ኮራሁበትም። አሁን ልጄን ያሰረው ይኸው ደንብ ነው።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። ዛሬ ደወልሁ። ሜዳ ውስጥ በስሙ ጥራው፣ ጩኽበት አልሁት። ነውር አይደለም ወይ አለኝ። ነውሩ በእኔ ይሁን አልሁ።

ይልመድ ብዬ በስልክ አስጮህሁት። መጀመሪያ ቅዳሴ መሀል እንደሚያወራ ሰው ሹክ አለ። ድገም! በሰባተኛው ድምፁ ከስልኬ አልፎ የእኔ ግቢ ሰው ሁሉ ሰማው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ፣ ምሽት 2 ሰዓት

በቋሚነት አልተሰለፈም። በ55ኛው ደ. ገባ።

ድምፁ በቴሌቪዥን አይሰማም፤ አፉ ሲከፈት ግን አየሁ። አምበሉ ዞር እንኳ ሳይል ኳሱን ላከለት። ልጄም ሳያቆም፣ በአንድ ንክኪ፣ ወደ ክንፍ። ደግሞ ጮኸ። ደግሞ መጣለት። አንዴ እንኳ አልተነጠቀም! ጋሽ ሙላት ብድግ አሉ፦

«አንች መምህርት፣ እግሩ ቀለለ እኮ!»

እግሩ ድሮም ቀላል ነው፣ የከበደው ምላሱ ነበር አልኋቸው። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስሁ። አላፈርሁም። 1 ለ 1 ወጡ።

አሁን ደወለ። ማክሰኞ ከመጀመሪያው ይሰለፋል! ከሜዳ ሲወጡ አምበሉን መልሶ «ጋሽ» ብሎት ነበር። ሰውየው ትርጉሙን ካወቀ ወዲህ ወዶታል አለኝ። ይኸ የእኔ ልጅ ነው።

ወሰንሁ። ሰኞ ልጆቹን ሰብስቤ ደንቡን እቀይራለሁ። ሜዳ ውስጥ ትንሹ ትልቁን በስሙ ይጥራ፣ ይጩኽበት። እኔም ገብቼ ከተጫወትሁ በስሜ ይጥሩኝ። መስመሩን ተሻግሮ ከወጣ በኋላ ግን «ጋሼ» ሳይል ያገኘሁትን ልጅ፣ ፊሽካዬ እዚሁ አንገቴ ላይ ናት፣ በዚያችው ቅጽበት ነፍቼ ከልምምድ አስወጣዋለሁ።