የእናትሽ የረፋድ እርምጃ

መቱ፣ ኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሴና፣ ሙስካት

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደኅና ነን ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ። ይህን ደብዳቤ ይዛልሽ የምትመጣው ወደዚያው የምትመለሰው የጎረቤታችን ልጅ ኡርጂ ናት። እሷን አጠገብሽ ሳታስቀምጪ እንዳታነቢው፤ ለእሷም አደራ ብያታለሁ።

ከእናትሽ ልጀምር። ወንድምሽ ሮብሳን ወርቅ ሊቆፍር ወደ ጋምቤላ ወርዶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ እንቅልፍ አጥታ፣ እህል አልወርድ ብሏት፣ ደም ግፊቷም አልወርድ ብሎ እንደነበር ታውቂያለሽ። አንቺም ነርስነት የተማርሽ አይደለሽ፣ ድምፅሽን በስልክ እየላክሽ፣ "እማዬ፣ ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያበዛል። በየቀኑ ስትራመጂ እሱ ይቀንሳል፣ ደስ የሚያሰኘው ደግሞ ይጨምራል" አልሻት። እኔ ስቄብሽ ነበር። ኮርቲሶል ስሙ ራሱ ግብር ሊጠይቅ የመጣ ሹም ይመስላል።

ምክርሽ ሠራ፣ ልጄ። አንቺ በማለዳ ወደ ሶር ወንዝ በጥላው መንገድ ሂጂ ብለሻት ነበር፤ እሷ ግን መናኸሪያውን መረጠች። የጋምቤላው መኪና ረፋድ ላይ ስለሚገባ ሰዓቱንም ወደዚያ አዞረችው። የሚወርደውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አይታ ትመለሳለች። ተመልሳ ምሳዋን ትበላለች፣ ማታም ትተኛለች። ሁሩሙ ገበያ ሄዳ በማር ዋጋ ስትከራከር እንኳ ሰምቻታለሁ። ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ ግፊቷን ለክታ መውረዱን አይታ፣ "እትዬ ዋሪቱ፣ ምን አገኙ?" ብትላት፣ "ሚላ ኮ፣ እግሬ ነዋ" አለቻት።

አሁን የኡርጂን እጅ ያዢ። ሮብሳን የለም፣ ልጄ። ጉድጓዱ ተደርምሶበታል። አብሮት ይቆፍር የነበረው ዲበኩሉ መስከረም ላይ መጥቶ ነገረኝ፤ አፈር ያለበሰውም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሆዴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። መርዶ ለብቻ አይነገርም፣ ዘመድ ይሰብሰብ እያልኩ አሳበብኩ እንጂ የፈራሁትስ ሌላ ነው። እናትሽ የምትራመደው ልጇን ልትቀበል ነው። ያንን ስነጥቃት ከአልጋዋ ምን ያስነሳታል? ሆርሞንሽ ለዚህ መላ እንዳለው እንጃ፣ እኔ ግን አላገኘሁለትም።

ወንድሞቿ ሰምተው ከዳሪሙ መጥተው ተቆጡኝ። "ልጇ ሞቶ እሷ ገበያ ስትወጣ እያየህ ዝም ትላለህ? ፍትሐት እንኳ አልተደረገለትም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መርዶው እሁድ ጎሕ ሲቀድ እንዲነገራት ተቆርጧል። ይህ ሲደርስሽ አልፏል። ከእንግዲህ ስትደውዪ ተራመጂ አትበያት።

ዛሬ አብሬያት ሄጄ ነበር። መንገድ ላይ፣ "አባ ሮብሳን፣ ቀስ በል እንጂ፣ ማን ያባርርሃል?" ብላ በልጇ ስም ጠርታኝ ሳቀችብኝ። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።

መኪናው ገብቶ ረዳቱ በሩን ሲከፍት፣ ሳላውቀው ከእናትሽ ቀድሜ ሮጬ በየመስኮቱ የሮብሳንን ፊት እፈልጋለሁ። እኔ፣ መሞቱን የማውቀው ሰው። ተሳፋሪው ወርዶ እስኪያልቅ ከዚያ አልተነቃነቅሁም። እናትሽ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ያዘችና፣ "አይዞህ፣ ነገ ይመጣል" አለችኝ።

ኡርጂ ዛሬ ካንቺ ዘንድ ትደር። ፈጣሪ ጽናቱን ይስጥሽ፣ በሰው አገር ብቻሽን አያስለቅስሽ።

አባትሽ ፈንታሁን