መኪናዋ የጠጣችው ጸበል

ማክሰኞ

ጨመርኩት። ግማሹን ብቻ ጨምሬ ላቆም ነበር፣ ራዲያተሩ ግን ጉድጉድ እያለ ዋጠው፤ እኔም ጄሪካኑ ጠብ የሚል እስኪያጣ ድረስ ዘቀዘቅኩት። የእትዬ ስንዱን ጸበል!

ለዘሀራ እንኳን አልነገርኳትም። ሚስቴ ናት፣ ሁሉን እነግራታለሁ፤ ይህን ግን ምን ብዬ እጀምረዋለሁ? እዚህ ልጻፈው።

ዛሬ ጠዋት ከግንባታ ዕቃ ሱቄ የተገዛ ቆርቆሮ ቆላ ለሚሠራ ቤት ላደርስ መኪና ሳስነሳ ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። «ሰይዶ፣ ቆላ ባለው ሚካኤል በኩል ካለፍክ ጸበሉን ቅዳልኝ። ይቺ ጉልበቴ መርፌውንም ኪኒኑንም እምቢ ብላለች» አሉና ቢጫ ጄሪካን አቀበሉኝ። እኔ እስላም መሆኔ፣ እሳቸው የቄስ ሚስት የነበሩ መሆናቸው ትዝም አላለን። እናቴ ስትሞት ቤቴን የያዙልኝ እሳቸው ናቸው። ሠርጌ ላይ የክርስቲያኑን ዳስ ያስተናገዱልኝም እሳቸው። ሄድኩ፣ ጫማዬን አውልቄ ቀዳሁ። የሚያስቀዳው ዲያቆን «አደራ፣ መንገድ ላይ እንዳይደፋ» አለኝ። እንዴት ይደፋል አልኩት።

መልስ ላይ የዳገቱ እኩሌታ ላይ ሳልደርስ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን መስመር ነካች። አቆምኩ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ ይትጎለጎላል። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላጣሁትም፦ ሞተሩን ማጥፋት፣ ጥላ ፈልጎ መቀመጥ፣ እስኪበርድ መጠበቅ፣ ከዚያ ጅረቱ ድረስ ወርዶ ውሃ መቅዳት። ጅረቱ ከታች ሲወርድ ይሰማኝ ነበር።

ግን ኳስ ነበረ። ማታ ቡድኔ ይጫወታል፣ ጓደኞቼ ካፌው ውስጥ ወንበር ይዘውልኛል። ለኳስ ብዬ ነው። መንገድ ላይ እንዳልቀር ፈርቼ ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ደግሞ ማን ያነበዋል? ግን ውሸት ነው።

ከተማው መግቢያ ላይ ካለው ቦኖ ጄሪካኑን ሞላሁት። እትዬ ስንዱ በራቸው ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙትና መረቁኝ። እግርህን እንቅፋት አያግኘው፣ ዳገቱ ሜዳ ይሁንልህ፣ የለፋህበትን ይባርክልህ፣ ልጆችህ ይደጉልህ። ለእያንዳንዱ አሜን አልኩ። ጮክ ብዬ አልኩ።

ኳሱን ተሸነፍን። እሰይ!


ረቡዕ

ጌቾ ጋራዥ ዋልኩ። ጌቾ ከድሮ ጀምሮ መኪናዬን የሚሠራልኝ መካኒክ ነው፤ ሥራው ደህና ነው፣ ወሬው ግን ከሥራው ይበልጣል። መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየና «አርጅታለች፣ ብታሳርፋትስ» አለኝ። ይህን ማን ጠየቀህ ልለው ነበር፣ ተውኩት።

ሜዳ ላይ ደህና ናት። ዳገት ስትጀምር ነው የምትግለው። ቬንቲሌተሩን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በጣቱ ተጭኖ አየ፣ አልላላም። ቬንቲሌተሩ ይዞራል። ከሥር ምንም አታንጠባጥብም። ውሃው ግን ይጎድላል። የት ይሄዳል?

«ቴርሞስታት ነው፤ አልከፈት ብሎ ውሃውን አግዶት ነው። ውሃውን ላፍስሰውና እንፍታው» አለና ከራዲያተሩ ሥር ያለውን ብሎን ያዘ።

የት ላይ ሊያፈሰው? ዘይትና ጭቃ በተረገጠበት መሬት ላይ! ጸበል እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ ስንዱ ሲቆጡ እሰማ ነበር። «ቆይ!» ብዬ ጮህኩ። ሮጬ ገንዳ ፈለግኩ፣ ከሥሩ ደቀንኩ። ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ወረደ። ተሸክሜው ከአጥሩ ጀርባ ማንም ከማይረግጠው ጽድ ሥር ደፋሁት። ጌቾ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«ምንድነው?»

«ለዛፉ።»

«ዝገት?»

ገንዳውን መለስኩለት። ጌቾ ራሱ በየእሑዱ ነጠላ ለብሶ የሚያስቀድስ ሰው ነው። ቢያውቅ ምን ይለኝ ነበር?

ቴርሞስታቱን ቤት ወስጄ በዘሀራ ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር አፈላሁት። ውሃው ሲፍለቀለቅ ልክ እንደሚገባው ተከፈተ። ቴርሞስታት አይደለም ማለት ነው። ዘሀራ ገብታ ድስቷ ውስጥ የመኪና ዕቃ አየችና ያለችውን አልጽፈውም። ድስቱ ከእንግዲህ የመኪናዋ ነው ብላኛለች።


ሐሙስ

እትዬ ስንዱ ያለ ከዘራ እስከ አጥራችን መጡ!

«ሰይዶ! ና እየኝማ!» ብለው ተጣሩ። ጉልበታቸውን እየመቱ «አታምንም፣ ሌሊቱን ሳልነቃ አነጋሁ። ሚካኤል ሰማኝ። አብሽር፣ ያንተም ድካም ከንቱ አልቀረም» አሉኝ። ዘሀራ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» እያለች አቀፈቻቸው። እኔ ቆርቆሮ የምቆጥር መስዬ ጀርባዬን ሰጠሁ። የቦኖ ውሃ ነው እትዬ። ሁላችንም የምንጠጣው፣ ልብስ የምናጥብበት።

ስእለት እንዳለባቸውም ነገሩኝ። ጉልበታቸው ከዳነ ለሰፈራችን ሚካኤል ጃንጥላ ሊያስገቡ ተስለው ነበር። ጃንጥላው ዘርፉ ሳይቀር ተገዝቶ ቤታቸው ተቀምጧል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘው ይገባሉ፣ ሕዝቡ ፊት ይነገርላቸዋል፣ እልል ይባላል። «አንተንም አስጠራሃለሁ፤ ያመጣልኝ እስላሙ ጎረቤቴ ነው እላለሁ፣ ይስሙ» አሉኝ። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ተርፎ ይፈሳል። ያ ረቢ።

ከሰዓት ጌቾ ዘንድ ሄድኩ። ዛሬ ደግሞ ፊቱ ከብዷል። «ስትግል ውሃ ጨመርክባት?» አለኝ። አዎ አልኩ። «እንደጋለች? ቀዝቃዛ ውሃ? ሰውየው! ቴስታታው ተሰንጥቆ ቢሆንስ? ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ቢሆንስ?» የሞተሩን ራስና ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ ማለቱ ነው፤ ያ ከሆነ አለቀልን። ከዚያ «ውሃውንስ ከየት አገኘኸው?» አለኝ።

«ከጅረቱ» አልኩ።

ሁለተኛ ውሸት። ሦስተኛ? ለዛፉ ያልኩትን ከቆጠርኩ ሦስተኛ። ዘይቱን ገልጦ አየ፣ ውሃ አልገባበትም፤ ወተት አልመሰለም። ራዲያተሩን ከፍተን አስነሳናት፣ አረፋ የለም። ጓርኒሲዮን አይደለም ተባለ። ትንሽ ተነፈስኩ። መኪናዋ ስትለቀኝ የጸበሉ ነገር እየያዘኝ ነው።


ዓርብ

መስጊድ ቆሜ ሰገድኩ ልበል? ልቤ አልነበረችም። ኢማሙ የተናገሩትን አንዱንም አልሰማሁ። ሰጋጁ ሲወጣ አንዱ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ አድርገው «ለስንዱ ጸበል አመጣህላት አሉ፣ አጅሩን አላህ ይክፈልህ» አሉኝ። ወሬው መስጊድ ደርሷል!

ከመስጊድ ጋራዥ። የመኪናዋ በሽታ ተገኘ። ጌቾ ሌላ መኪና ሊሠራ ፈትቶ ያስቀመጠውን የራዲያተር ክዳን አንስቶ ለሙከራ እኔዋ ላይ ገጠመው። ቆርቆሮ ጭነን ዳገት ወጣን፣ ወረድን፣ እንደገና ወጣን። ቀስቷ መሃል ላይ ቆማ ቀረች። የኔን ክዳን ገልብጦ አየውና መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ከክዳኑ ሥር ያለው ላስቲክ ተበጣጥሶ ስለነበር ከአሮጌ በረባሶ ጫማ ቆርጬ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ብልሃት የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

«ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ መያዝ አለበት። እዚህ ደጋ ላይ ውሃ ድሮም ቶሎ ይፈላል፤ አንተ ደግሞ በጫማ ከደንከው! ውሃው በእንፋሎት እየወጣ ነው የሚያልቀው» አለ ጌቾ። ከዚያ ጋራዡ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ጠርቶ አሳየ። ይሳቁ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። መኪናዋን ያስጠማኋት እኔ፣ የሰው ጸበል ያጠጣኋት እኔ። ብቆይ ኖሮ ትበርድ ነበር።

ቤት ገብቼ ለዘሀራ ተናገርኩ። ሁሉንም። እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች።

«እኔ ክርስቲያን ብሆን ግድ የለሽ ይሉኝ ነበር፤ አሁን ግን ሃይማኖታችንን ንቆ ነው ይላሉ» አልኳት።

«እሱን ስትፈራ ሴትዮዋን አምላካቸው ፊት ሐሰት ልታስመሰክራቸው ነው?» አለች። «ከእሑድ በፊት ንገራቸው። ኳሱንም ጨምረህ ንገራቸው።»

ኳሱንም! ሴት ጨካኝ ናት።


ቅዳሜ

ነገርኳቸው።

ግቢያቸው ውስጥ ጃንጥላውን ዘርግተው ዘርፉን ያስተካክሉ ነበር። ቀይ ነው፣ የወርቅ ጥለት አለው። ቁጭ በል አሉኝ፣ አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ እንደማልነግራቸው አውቃለሁ። ቸኩዬ ተናገርኩት፦ መኪናዋ ጋለች፣ ቀስቷ ቀይ ነካች፣ ጸበሉን ጨመርኩባት፣ ያመጣሁልዎ የቦኖ ውሃ ነው። ኳስ ላይ ለመድረስ ነው።

መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ፊቴን ሲያዩት ፈገግታው ጠፋ። ጃንጥላውን በቀስታ አጠፉት።

«ጠጥቼዋለሁ እኮ» አሉ። «በባዶ ሆዴ፣ ጸሎት አድርሼ። ለጎረቤታችን ለአስካለ ልጅም ቀንሼ ሰጥቻለሁ፣ ትኩሳት ይዞት።»

ይህን አላወቅኩም ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ዛሬውኑ ሄጄ አመጣለሁ።»

«ጸበሉስ ይሁን። ስመርቅህ አሜን አልከኝ። አራቴ አምስቴ አሜን አልከኝ ሰይድ።»

ሰይዶ አላሉኝም። ሰይድ አሉኝ። ከተወለድኩ ሰይድ ብለውኝ አያውቁም። ተነስተው ወደ ቤት ገቡና በሩን ዘጉት። ያለ ከዘራ ነው የገቡት፣ ከዘራው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቀርቷል። በዚያ ፍጥነት ሲሄዱ ካየኋቸው ቆይቷል። ድነው ነው ወይስ ተናደው? ማንን እጠይቃለሁ?

ቤት ስገባ ዘሀራ ምን አሉ አለችኝ። እንጃ አልኳት። ምሳም ራትም አልበላሁም። የአስካለን ቤት በር ሄጄ አንኳኳሁ፣ የልጁ ትኩሳት ለቆታል አለች። እሱ ራሱ ሲሮጥ አየሁት። አልሐምዱሊላህ። ለአስካለ ግን አልነገርኳትም፤ እትዬ ስንዱ ይንገሯት አይንገሯት እሳቸው ያውቃሉ።


እሑድ

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በኩል የሚመጣውን እልልታ ሁሉ ስቆጥር ነበር። የትኛው የእሳቸው ነው? ዘሀራ «ሱቁን ክፈትና ሥራህን ሥራ» አለችኝ። ከፈትኩ። ሚስማር ለጠየቀኝ አንድ ሰው ማጠፊያ ሸጥኩለት፣ ተመልሶ መጣ።

ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ጃንጥላ የለም። ባዶው ጄሪካን በአንድ እጃቸው፣ ከዘራው በሌላው ነው።

«ቁልፍህን ያዝ። እንሄዳለን» አሉኝ።

ሱቁን ለዘሀራ ጥዬ ተነሳሁ። ከፊት ተቀመጡ፣ ጄሪካኑን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ለንስሐ አባታቸው እንደነገሯቸው ያወቅኩት ጸበሉ ጋ ስንደርስ ነው፤ ለዲያቆኑ ሲያወሩ ሰማሁ። አባ «ጃንጥላው ያንቺና የሚካኤል ነው፣ ቀን አለው፤ መጀመሪያ ግን እውነተኛውን ጸበል ቅጂ» ብለዋቸዋል። ዲያቆኑ ወደ እኔ አየ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ መሬት መሬት አየሁ። አፋፉን ስንወርድ ከዘራቸውን መኪናዋ ውስጥ ትተውት ስለነበር ትከሻዬን ያዙ። እጃቸው ከበደኝ ልል አልችልም። ደስ አለኝ። ራሳቸው ቀዱ፣ አላስነኩኝም።

መልስ ላይ የዳገቱ እኩሌታ ላይ አቆምኩ። ቀስቷ መሃል ናት፣ ምንም አልሆነችም፣ ክዳኑም አዲስ ነው። ግን አቆምኩ።

«ምን ሆነች?»

«ምንም። ላሳርፋት ብዬ ነው።»

ኮፈኑን ከፍቼ ቆምኩ። ነፋስ ነበረ። እሳቸው ጄሪካኑን እንዳቀፉ ናቸው። ቆየን። ካፌ ውስጥ ዛሬም ኳስ አለ፣ ጓደኛዬ ደውሎ ነበር፣ አላነሳሁለትም።

«ያን ቀን» አሉ በመስኮቱ፣ ወደ ገደሉ እያዩ፣ «መጥተህ እትዬ፣ መኪናዬ ጠምቷት ጸበልዎን አጠጣኋት ብትለኝ እስቅ ነበር እኮ። ለሰፈሩ ሁሉ እያወራሁ ስስቅ እከርም ነበር።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«አታውቅም ሰይዶ። ብታውቅማ ትነግረኝ ነበር።»

ኮፈኑን ዘጋሁ፣ ገባሁ፣ አስነሳኋት። በመጀመሪያ ማርሽ ቀስ ብዬ ወጣሁ። እትዬ ስንዱ የትኛዋ ናት ስትግል ቀይ የምትነካው ቀስት አሉኝ፣ በጣቴ አሳየኋቸው። ከዚያ ቤት እስክንደርስ ዓይናቸውን ከቀስቷ ላይ አላነሱም።